ያልጮኸው ዶዘር

ባለፈው ሳምንት ከአምደወርቅ ወደ ሰቆጣ ስመለስ፣ የሚኒባሱ ሹፌር ዳገቱ ላይ ነዳጁን እስከ ወለሉ ረገጠው። ሞተሩ ጮኸ፤ መኪናው ግን እዚያው ነው። ጋቢና ተቀምጬ ስለነበር ዝም ማለት አልሆነልኝም። "ልጄ፣ ማርሽ ቀንስና እግርህን ቀለል አድርግ" አልኩት። ገልመጥ አደረገኝ። በልቤ ሳቅሁ፤ በእሱ ዕድሜ እኔ የባስኩ ነበርኩ።

ያን ጊዜ ሃያ ሁለት ዓመቴ ነው። በዚሁ ዳገት መንገድ ስንከፍት የዶዘሩ ኦፕሬተር ወገቡን ታሞ ሄደና ረዳቱ የነበርኩት እኔ አለቃችንን ለምኜ አሮጌውን ዶዘር ተረከብኩ። ሴት ዶዘር ስትነዳ ለማየት ሰዉ ከየመንደሩ ይመጣል። እኔም ላሳያቸው ብዬ የጋዙን እጀታ እስከ መጨረሻው ስቤ ሸለቆውን አናጋሁት። እልልታው ሲቀልጥ ልቤ አበጠ። በጎማ ፋንታ የሚሄድበት ሰንሰለት ግን ልቅ ጠጠር ላይ በባዶው እየዞረ የራሱን ጉድጓድ ቆፈረ። የራዲያተሩ ውሃ ፈላ፣ ለእኔም ጥቁር ጭስ ብቻ ተረፈኝ።

በሦስተኛው ቀን አለቃችን መጣ። "እስከ ነገ ማታ መንገዱን ጠርገሽ የዳገቱ አናት ላይ ካልወጣሽ ከሰቆጣ ሌላ ሰው አስመጣለሁ" አለኝ። ግንቦት እያለቀ ነበር። ሌላ ሰው እስኪመጣ ክረምቱ ይገባል፤ መንደሩም አንድ ዓመት ደግሞ በሽተኛውን በቃሬዛ ይሸከማል። እኔም ለምኜ ካገኘሁት ወንበር እወርዳለሁ። 

በማግስቱ ጠዋት ማሳቸው ከመንገዱ ጎን የሆነው አያ ስዩም የገብስ ቆሎና ነጭ ማር ይዘውልኝ መጡ።

"ሦስት ቀን ሙሉ ሳይሽ ሰነበትኩ" አሉኝ። "በሬ ድንጋይ ሲገጥመው አለንጋ ይጨመርበታል?"

"አርሼ አላውቅም፣ አያ።"

"እንግዲያው እወቂ። ማረሻውን ከፍ ያደርጉለታል እንጂ አይገርፉትም።"

"ይሄ እኮ በሬ አይደለም፤ ብረት ነው።"

"ብረትስ ሲከብደው ያቃስት የለም? ስሚው እንጂ!"

ወጥቼ ተቀመጥኩ። አንደኛ ማርሽ አስገባሁ፣ ጋዙን ከግማሽ ትንሽ ከፍ አድርጌ ተውኩት። ድምፁ ረጋ፤ ሰንሰለቱ መሬቱን ነከሰ። ከፊት ያለው ትልቁ ብረት ድንጋይ ገጥሞት ሞተሩ ሲያቃስት እጄ ወደ ጋዙ ሮጠ። ከለከልኩት። በጋዙ ፋንታ ብረቱን ሁለት ጣት ያህል አነሳሁለት፤ ሞተሩ ትንፋሹን ሲመልስ ደግሞ አወረድኩት። ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል ሲሉኝ ያናድደኝ ነበር፤ ያን ቀን ከተረቱ ጋር ታረቅሁ። ሊያይ የመጣው ሰው ግን ጩኸት ቢያጣ ተሰላችቶ ተበተነ።

አመሻሹ ላይ አለቃችን ከታች ካለው ድንኳን ሆኖ ጩኸት ስላልሰማ፣ ተኝታለች ብሎ በቁጣ ተነሳ። "የት ነሽ አንቺ!" እያለ ሲወጣ ግማሽ ላይ ቀጥ አለ፤ ወደ እግሩ አየ። የሚረግጠው እኔ የጠረግሁትን መንገድ ነበር። እኔማ አናቱ ላይ ሞተሩን አጥፍቼ የአያ ስዩምን ማር እየላስኩ ነው።

"መቼ ወጣሽ?" አለኝ።

"እርስዎ ጩኸት ሲጠብቁ" አልኩት። እንደዚያ ቀን ኮርቼ አላውቅም።

ከዚያ ወዲህም ቢሆን በባሌ ላይ፣ በልጆቼም ላይ ስጮህ ባለሁበት የቀረሁበት ጊዜ ብዙ ነው። ትምህርቱ ሁልጊዜ ትዝ የሚለኝ ውሃው ከፈላ በኋላ ነው።

የሚኒባሱ ልጅ እያጉረመረመም ቢሆን ማርሹን ቀነሰ፣ እግሩን አላላ። መኪናው ረጋ ብሎ ወጣ። አናቱ ላይ ስንደርስ ዞር ብሎ አየኝና "እማማ፣ ሹፌር ነበሩ እንዴ?" አለኝ።

"አይ ልጄ" አልኩት፤ "ይህን ዳገት ያረስኩት እኔ ነኝ።"