ዳኛው ያያል የሚል ወረቀት

ጋሽ ፊሽካ ከሰኞ እስከ ዓርብ ፖስታ ቤት ቁጭ ብሎ ደብዳቤ ይለያል፤ እሑድ እሑድ ደግሞ ቁምጣውን ታጥቆ ሜዳ ወርዶ ሰፈር ያጣላል። ያጣላል የሚሉት ጠላቶቹ ናቸው። እሱን ከጠየቃችሁት ሥራው ማስታረቅ ነው።

የሰፈሩን ሊግ ሲዳኝ ሃያ ዓመት ሞልቶታል። በእነዚህ ዓመታት ያልተሰደበው ስድብ ካለ ገና ያልተፈጠረ ነው። ሌባ ተብሏል፣ ጉቦኛ ተብሏል፣ አንድ ጊዜማ አንዲት አሮጊት ምን አስበው እንደሆነ እስከ ዛሬ ባይገባውም “አንተ የእንጀራ አባት!” ብለው ጮኸውበታል። አዳዲስ ዳኞችን ሲያሠለጥን የመጀመሪያው ትምህርቱ ይሄ ነው፦ “ተመልካች ዝናብ ነው። ዝናብ ምን አለኝ ብሎ ቆሞ የሚያዳምጥ ሰው አይታችኋል? ጃንጥላችሁን ዘርግታችሁ መሄድ ነው።” እሱ ራሱ ጃንጥላውን ከዘረጋ ቆይቷል። የሜዳው ዳር ሰው ቢጮህ፣ ቢማጸን፣ ቢያለቅስ ጆሮ ዳባ ልበስ ነው። ለዳኛ ይሄ ትልቅ ችሎታ ነው። ለዓይኑ ግን አደገኛ ነው።

ባለፉት ጥቂት ዓመታት ስድቡ ሁሉ ተጠቃሎ አንድ ሆነ፤ ዕውር። የስድቡ መሪ “ጡሩምባ” የሚሉት አናጢ ነው። የእንጨት ሥራ ቤቱ ከሜዳው ፊት ለፊት ስለሆነ፣ እሑድ መጋዙን አስቀምጦ፣ ቅንድቡ ላይ የእንጨት ብናኝ እንደያዘ ይመጣና ሦስተኛው የሲሚንቶ ደረጃ ላይ ይቀመጣል። ከዚያ ዘጠና ደቂቃ ሙሉ “ታከም! ኧረ ዓይንህን ታከም!” ነው። ጉሮሮው የሚያርፈው በእረፍት ሰዓት ብቻ ነው፤ ያኔም ሻይ ስለሚጠጣ ነው።

ጋሽ ፊሽካ ደግሞ በሌላ ቢታማ በዓይኑ አይታማም። ፖስታ ቤት ውስጥ ዶሮ የጫረው የሚመስል አድራሻ በመጣ ቁጥር “ለእሱ ስጡት” ነው የሚባለው። ክንዱን ዘርጋ አድርጎ አንዴ ያየዋል፣ የመንገዱን ስም፣ የቤቱን ቁጥር፣ የተቀባዩን ስም ከነአያቱ ይነግራችኋል። እንዲህ ያለውን ሰው ዕውር ማለት ዓይን ያወጣ ውሸት ነው፤ እሱ የሚያምነው እንደዚያ ነው።

ቤት ውስጥ ግን በአንድ ወር አምስት የሻይ ብርጭቆ ወድቆ ተሰብሯል። ትከሻው የመኝታ ቤቱን መቃን ሳይመታ ያለፈበት ቀን የለም። የአንደኛ ክፍል አስተማሪ የሆነችው ሚስቱ ባል ስታነጋግርም ድምጿ ከክፍል አይወጣም።

“አንተ ሰውዬ፣ ይሄ በር ምን በደለህ?”

“ጠቦ ነው።”

“በሩ ነው የጠበበው? ስታገባኝ ቁም ሳጥን ይዘህ ነው የገባህበት!”

መንገድ ላይም ጎረቤት እያለፈው ሰላም አይልም ይባል ጀመር። ለዚህ እንኳ ሰፈሩ ምክንያት አላጣለትም፤ ኮርቷል አሉ። ዘንድሮ ለመጀመሪያ ጊዜ የፍጻሜው ጨዋታ ተሰጥቶታላ! ሃያ ዓመት ሙሉ ለሌላ ዳኛ ሲሰጥ የኖረ ጨዋታ ነው። እውነትም ደስታው ልኩን አልፎ ነበር፤ ሚስቱ ካልሲውን ሳይቀር ተኩሳለታለች።

ፍጻሜው ሦስት ሳምንት ሲቀረው ጉድ ፈላ። በግማሽ ፍጻሜው ላይ አንድ ተቀያሪ ተጫዋች ከቀኝ በኩል ሰተት ብሎ ገባ፤ የሚወጣው ግን አልወጣም። ተንኮል አልነበረም፣ መረሳሳት ነው። አንደኛው ቡድን ለአሥራ አንድ ደቂቃ በአሥራ ሁለት ሰው ተጫወተ። የመስመር ዳኛው ባንዲራ ሲያውለበልብ ክንዱ ዛለ። ተመልካቹ ከመቀመጫው ተነሥቶ በአንድ ድምፅ ተጫዋች ይቆጥር ጀመር፤ አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት እያለ አሥራ ሁለት ላይ ሲደርስ ያጨበጭባል፣ እንደገና ከአንድ ይጀምራል። ጋሽ ፊሽካ ይሄን ሁሉ ሰምቶ “አዲስ ዘፈን አወጡብኝ” ብሎ ፈገግ አለ። ነገሩን ያወቀው አሥራ ሁለተኛው ተጫዋች ራሱ አዝኖለት መጥቶ፣ “ጋሼ፣ እኔ ብወጣ አይሻልም?” ሲለው ነው።

ሰኞ ዕለት የሊጉ ሰብሳቢ አስጠራው። ሰብሳቢው ጫማ ነጋዴ ነው፤ ሰው ሲያነጋግር የሚያየው እግር እግሩን ነው።

“እኔ አምንሃለሁ” አለ የጋሽ ፊሽካን ጫማ እያየ። “ሕዝቡ ግን አላመነህም። ከዓይን ሐኪም ‘ያያል’ የሚል ወረቀት አምጣልኝና አፋቸውን እናዘጋለን። አለዚያ ፍጻሜውን ለሌላ ሰው መስጠቴ ነው።”

“አንድ ወረቀት ብቻ? አሥር ኮፒ አስነሥቼ የሜዳው በር ላይ እለጥፈዋለሁ! አንዱን ጡሩምባ ደረት ላይ!”

ዓይን ክሊኒኩ ውስጥ ወንበሩ ሁሉ ሞልቷል። አንድ ሽማግሌ የዓይን ሞራቸውን ሊያስወግዱ ተራ ይጠብቃሉ። ስኳር ያለባት ሴትዮ በየዓመቱ እንደታዘዘችው ዓይኗን ልታሳይ መጥታለች። አንድ በያጅ ደግሞ “አንዲት ደቂቃ ናት ብዬ” መከላከያ መነጽሩን ሳያደርግ በይዶ፣ አሁን ዓይኑ ቀልቶ እንባው ይወርዳል። ጋሽ ፊሽካ ጤነኛ ሰው ለበሽተኛ እንደሚያዝነው አድርጎ አዘነላቸው።

ነርሷ ሰሌዳው ፊት አቆመችው። ሹካ የሚመስለው ምልክት ጥርሱን ወደየት እንዳዞረ መናገር ነው። እሱ ቅጣት ምት እንደሚያሳይ ዳኛ ክንዱን እየወረወረ፣ “ወደ ላይ! ወደ ግራ! ወደ ታች!” እያለ እስከ መጨረሻዋ መስመር ወረደ።

“ከሥሩ የማተሚያ ቤቱ ስም አለ፤ ልጨምርልሽ?” አላት።

ነርሷ ስቃ “የሩቅ እይታ፦ ሙሉ” ብላ ጻፈች። ወረቀቷን አጥፎ ደረት ኪሱ ከተተና ሊሄድ ሲነሣ፣ “ኧረ ጋሼ፣ ዶክተሯ ገና አላየችዎትም” ብላ መለሰችው።

ዶክተሯ ልጅ እግር ናት። የዓይኑን ግፊት ለካች፣ በመብራት ውስጡን አየች፣ ደግማ አየች። ሐኪም ደጋግሞ ሲያይ ደስ አይልም። ከዚያ አንድ እንደ ጎድጓዳ ሳህን ያለ ነጭ መሣሪያ ፊት አስቀምጣው አንድ ዓይኑን ሸፈነችና ቁልፍ አስጨበጠችው።

“መሃል ያለችውን ነጥብ ብቻ ይዩ። በዙሪያዋ ትንሽ መብራት ብልጭ ባለ ቁጥር ይጫኑ።”

አንድ መብራት አየ፣ ተጫነ። ሁለት፣ ሦስት። ከዚያ ጠበቀ። አውራ ጣቱን አዘጋጅቶ ጠበቀ። አንገቱ እስኪደነዝዝ ጠበቀ፤ አልፎ አልፎ ከአንድ በቀር የሚበራ ነገር የለም።

“ይቅርታ ዶክተር፣ መሣሪያችሁ ሳይበላሽ አይቀርም። ትንሽ አበራና ተወው።”

“አልተወውም ጋሼ” አለች ቀስ ብላ። “ሲያበራ ነበር። አሁን ጨረሰ።”

ዶክተሯ ከመሣሪያው የወጣውን ወረቀት አሳየችው፤ ዙሪያውን ጠቁሯል፣ ነጭ ሆና የቀረችው መሃል ላይ ያለች ትንሽ ክብ ናት። የሌላው ዓይኑም ብዙ አይሻልም።

“ግላኮማ ይባላል” አለች። “እርስዎ ላይ ግፊቱ ከፍ ብሎ የዓይንዎን ነርቭ እየጎዳው ነው። አያምም፣ አይቀላም። ከዳር ከዳሩ ነው የሚወስደው፤ መሃሉን መጨረሻ ስለሚነካ ነው ሰሌዳውን እንደዚያ ያነበቡት።”

“የሄደው ይመለሳል?”

“አይመለስም። የቀረውን ነው የምንጠብቀው። ጠብታ አለ፣ ጠዋትና ማታ፣ ዕድሜ ልክ። ሰዓቱ አይዛነፍም። በዘርም ስለሚሄድ ወንድም እህት፣ ልጆችዎም ይታዩ። ቤተሰብ ውስጥ ዓይኑን ያመመው ነበር?”

“የለም። አባቴ ትንሽ ኩራት ነበረበት እንጂ ደህና ነበር። ከጎኑ የቆመ ሰው ሰላም አይል...”

አልጨረሰውም። አባቱ በዚህ ኩራቱ ከስንት ዘመድ ጋር እንደተቀያየመ ትዝ አለው።

“ከመቼ ጀምሮ ይመስልዎታል? ፍጥነቱን ብናውቅ ጥሩ ነበር” አለች ዶክተሯ።

ጋሽ ፊሽካ አያውቅም። ሚስቱም የምታውቀው የብርጭቆውን ብቻ ነው። የሚያውቅ ሰው ግን አለ።

ጡሩምባ በር እየላገ ነበር። ዳኛውን ደጁ ላይ ሲያየው ለጠብ የመጣ መስሎት መጥረቢያውን አንሥቶ ራቅ አድርጎ አስቀመጠ፤ ራሱን አያምነውም።

“አንድ ነገር ልጠይቅህ ነው” አለ ጋሽ ፊሽካ። “እኔን ዕውር ማለት የጀመርከው መቼ ነው?”

አናጢው አላመነታም። “ከአራት ዓመት በፊት፣ ክረምቱ እንደወጣ። ከዚያ በፊት ሌባ ነበር የምልህ።”

“ሌባውን ለምን ተውከው?”

“ሌባማ ለአንድ ወገን ያዳላል! አንተ በቀኝ በኩል የተሠራውን ጥፋት የሁለቱንም ቡድን ነው የምታልፈው። ይሄ ሌብነት አይደለም፣ ይሄ ሕመም ነው አልኩ። ካቻምና ደግሞ ግራውም ተጨመረ። ዘንድሮማ ኳሷ እግርህ ሥር ካልመጣች አታገኛትም።”

ጋሽ ፊሽካ ሁሉንም በደብዳቤ ፖስታ ጀርባ ላይ ጻፈ። ከዚያ ሐኪሟ ያለችውን ነገረው። አናጢው ጣውላው ላይ ቁጭ አለ።

“ታከም እያልኩህ! አራት ዓመት ሙሉ ታከም እያልኩህ!”

“ስድብ መስሎኝ።”

“ስድብማ ነው” አለ ጡሩምባ፣ ድምፁ ሰልሎ። “ግን እውነቴን ነበር እኮ።”

በማግስቱ ሊመሰክር አብሮት ክሊኒክ ሄደ። ዶክተሯ የእሱን ምስክርነት ሁሉ ጽፋ ስትጨርስ ቅንድቡን አየችና፣ “እርስዎስ ሲልጉ መነጽር ያደርጋሉ?” አለችው። አራት ዓመት ሰው ታከም ሲል የኖረው ሰውዬ ቅንድቡን በመዳፉ ጠረገ። መነጽሩን ሲመለሱ መንገድ ላይ ገዛ።

ጋሽ ፊሽካ ኪስ ውስጥ አሁን ሁለት ወረቀት አለ፤ የነርሷና ያ ዙሪያው የጠቆረው። የነርሷ ወረቀት አይዋሽም፤ የሩቅ እይታ ሙሉ። ሰብሳቢው የጠየቀውም እሱኑ ብቻ ነው። ሦስት ቀን ሙሉ አንዱን ሲያወጣ አንዱን ሲከት ሰነበተ። ፍጻሜው ዓይኑ ላይ ዞረበት፤ አንዲት ጨዋታ ብቻ፣ ከዚያ እተዋለሁ አለ። ሚስቱ አየችው፣ አየችውና፣ “የፈለግከውን ስጥ። ግን ከጎንህ ሮጦ የሚመጣ ልጅ ቢጋጭህ የማን ልጅ እንደሆነ አስብ” አለችው።

ዓርብ ዕለት ሁለቱንም ወረቀት ጫማ መደብሩ ጠረጴዛ ላይ አስቀመጠ።

“ይሄኛው ፊት ለፊት ያለውን ነው የሚናገረው” አለ። “ኳስ ግን ከፊት ለፊት ብቻ አይመጣም። ሌላ ዳኛ ፈልግ።”

ሰብሳቢው ለመጀመሪያ ጊዜ ቀና ብሎ ፊቱን አየው። ጋሽ ፊሽካ እስከ ቤቱ ድረስ እያለቀሰ ሄደ፤ አልደበቀውም።

የፍጻሜው ዕለት ጡሩምባ ሦስተኛው ደረጃ ላይ ቦታ ይዞ ጠበቀው። ጨዋታው አንድ ለአንድ አለቀ፤ ተጨማሪ ሰዓቱም አልለየውም፤ ፍጹም ቅጣት ምት ላይ ደረሰ። ኋላ የቀረችው አንዲት ምት ናት፤ የሚመታውም ጡሩምባ የሚደግፈው ቡድን ነው። ከሳተ ዋንጫው ሄደ። ኳሷ ነጥቧ ላይ እንደተቀመጠች የጋሽ ፊሽካ ስልክ ጮኸ። አሥራ አንድ ተኩል፤ የጠብታው ሰዓት።

“ኧረ ቆይ! አንዲት ምት ናት!” አለ ጡሩምባ።

“አንዲት ደቂቃ ናት ያለው በያጅ ምን እንደሆነ አይቻለሁ።”

አንገቱን ቀና አድርጎ ጠብታውን በሁለቱም ዓይኖቹ ጠብ አደረገ፣ እንደታዘዘው ጨፈነና የዓይኑን ጥግ በጣቱ ያዘ። የአዲሱ ዳኛ ፊሽካ ሲነፋ ሰማ። ሜዳው ጭጭ አለ። የእግር ድምፅ፣ ከዚያ ጩኸት። ግማሹ ሰው ይጨፍራል፣ ግማሹ ይሳደባል፤ የማን የማን እንደሆነ አይለይም።

“ገባ?” አለ።

ጡሩምባ መልሶ ጎሉን አየ።

“ሳተ” አለ። “በቀኝ በኩል፣ ብረቱን ታክኮ ወጣ።”

ዙሪያውን የቡድኑ ደጋፊ ሁሉ በአዲሱ ዳኛ ላይ “ገብታለች! ገብታለች! ዕውር!” እያለ ይጮኻል።

“አንተ ካልክ ስታለች ማለት ነው” አለ ጋሽ ፊሽካ፣ ዓይኑን እንደጨፈነ።