ከዶሮዋ ሥር የተገኘው ብረት

አባቴ ከእስር ሲመለስ ሁለት ነገር ይዞ መጣ፤ ዝምታና የእንቁላል ፍቅር። ዝምታውን አልወደድኩለትም። የእንቁላሉ ግን ወደ ሁላችንም ተጋባ።

የወሰዱት ለጥያቄ ብለው ነበር። ምን እንደጠየቁት እስከ ዛሬ አልነገረንም። ቤት ከገባ በኋላ "እህ" እና "ተይው" ከማለት በቀር አፉ አይከፈትም። እናቴ ገብስማዋን ዶሮ ያስታቀፈች ቀን ግን ጓዳ ገብቶ አጠገቧ ቁጢጥ አለና፣ "አብሮኝ የታሰረ አንድ ሰው፣ እንቁላል በባትሪ ብርሃን ሲያዩት ውስጡ ያለው ጫጩት ይለያል ብሎኛል" አለ። ከተመለሰ ጀምሮ ያን ያህል ሲናገር ሰምቼው አላውቅም። እናቴ ዞር ብላ ዓይኗን በሻሿ ጫፍ ጠረገች። እኔ ደግሞ፣ የታሰረ ሰው ስለ ዶሮ ምን አስወራው ብዬ ጠረጠርኩ። ያኔ የማልጠረጥረው ነገር አልነበረም። ሐይቅ ከተማ ውስጥ የማይጠረጥር ሰው ቢኖር ጡት የሚጠባ ሕፃን ብቻ ነው።

ከዚያ ወዲህ ከመግሪብ ሶላት በኋላ ጓዳ እንሰበሰባለን። በርና መስኮቱን እንዘጋለን። እናቴ ዶሮዋን ቀስ አድርጋ ታነሳለች፤ እኔ ባትሪውን አበራለሁ፤ አባቴ እንቁላሉን በተበሳ ካርቶን ላይ አስደግፎ ያያል። እንደ ሸረሪት ድር የተዘረጋ ቀይ ጅማት ከታየበት ሕይወት አለው። ባዶ ከሆነ አውራ ዶሮ ያልነካው ነውና ይወጣል።

"እይው፣ ይሄኛው አንቺን ይመስላል" ይለኛል በሹክሹክታ። "አርፎ አይቀመጥም።"

በሹክሹክታም ቢሆን ቀለደ ማለት ነው። ለእኔና ለእናቴ ጫጩቱ ትርፍ ነበር፤ የምንታቀፈው የአባቴን አንደበት ነው።

እናቴ ሁለት ሕግ ነበራት። የታቀፈች ዶሮን የባዳ ዓይን አያያትም፤ ካያት እንቁላሉ ይገማል። ደግሞ ክረምት ስለነበር ከጭዱ ሥር ብረት ይደረጋል፤ ነጎድጓድ ጫጩቱን ከነቅርፊቱ እንዳይገድለው። ብረቱም አፈር የነካ፣ የእርሻ ብረት መሆን አለበት፤ ቢላዋ አይሆንም። ስለ ድምፅ ትምህርት ቤት የተማርኩትን ላስረዳት ብሞክር፣ "አንቺ ነጎድጓዱን ዝም አሰኚልኝ፣ እኔ ብረቱን አወጣለሁ" አለችኝና ሰባራ ማጭድ ከቅርጫቱ ግርጌ ሸጎጠች።

ከጓዳችን ግድግዳ ወዲያ የሚኖሩት እትዬ የምላቸው ክርስቲያን ጎረቤታችን ነበሩ። ብቻቸውን ናቸው፤ የእህታቸው ልጅ ግን የቀበሌ ሰው ነው፣ ይመላለሳል። እትዬ ደግ ናቸው። ግን ይጠይቃሉ። "አባትሽ አሁን ተናገረ? አመሻሹን ምን ይሠራል?" እኔ "ይተኛል" እላለሁ።

አንድ ቀን አመሻሽ ላይ፣ አባቴ እንቁላል እያየ ሳለ፣ በሩ ተደበደበ። ሁለት አብዮት ጠባቂዎች ናቸው፤ አንዱ ጠመንጃ ያነገተ አለቃ፣ ሌላው ከአምባሰል ገጠር የመጣ ባለዱላ ጎልማሳ። አባቴ እንቁላሉን በእጁ እንደያዘ ወጣ።

"በመስኮታችሁ ስንጥቅ መብራት ብልጭ ድርግም ይላል" አለ አለቃው። "ለማን ነው ምልክት የምትሰጡት?"

ግቡና እዩ ብንላቸው ነገሩ እዚያው ባለቀ። እናቴ ግን ሄዳ የጓዳው በር ላይ ተገተረች።

"እዚህ አይገባም።"

"ለምን?"

"ዶሮ ታቅፋለች። የሰው ዓይን አይበጃትም።"

"እኛ ቡዳ ነን እንዴ?"

"እኔ ቡዳ ናችሁ አልወጣኝም። ማሻአላህ ብላችሁ ግቡ።"

"አብዮተኛ ማሻአላህ አይልም!" ብሎ ገፍትሯት ገባ። ባለዱላው ከኋላው አንገቱን ደፍቶ "ማሻአላህ" ሲል ሰማሁት።

በዚያ ዘመን ጓዳውን ከልክሎ ማን ዳነ? አለቃው የእህል ማድጋውን ገለበጠ፣ ባትሪውን ከእጄ ነጠቀ፣ ከዚያ እጁን ከዶሮዋ ሥር ሰደደ። ጠቅ አደረገችው። ተሳደበ። ወዲያው ፊቱ ተለወጠ።

"ብረት አለ" አለና ጠመንጃውን አወረደ።

አባቴ ወደ ግድግዳው ሄዶ ከተሰቀለበት ኮቱን አወረደና ለበሰ። ማንም ሂድ አላለውም። እንዴት እንደሚወሰድ ስለሚያውቅ ብቻ ለበሰ።

ዝገት የበላው ማጭድ ከነጭዱ ወጣ። ባለዱላው ሳቀ። "ጓድ፣ ይሄ የነጎድጓድ እኮ ነው! እናቴም ታደርገዋለች።"

አለቃው ማጭዱን አገላበጠ። የቀበሌው ግንብ ላይ የተሳለው ዓርማ ትዝ አለኝና፣ "መዶሻው ብቻ ነው የጎደለው" አልኩ። እናቴ ክንዴን ቆነጠጠችኝ፤ ሰንበሩ ቀናት ቆየ። አለቃው "ይጣራል" ብሎ ማጭዱንም ባትሪውንም ይዞ ወጣ። አባቴን ተወልን። ኮቱን ግን አላወለቀም። እናቴ ጣቶቹን አንድ በአንድ አላቅቃ እንቁላሉን ከእጁ ወሰደችና ለዶሮዋ መለሰችላት። በማግስቱ አነጋገርነው፤ "እህ" አለ። ተመልሶ ዝምታው ውስጥ ገባ።

በዚያው ሰሞን ከሐይቁ ወዲያ ሰማዩ ጠቆረ። እናቴ ብረት ፍለጋ ስትራወጥ እትዬ ከነጠላቸው ሥር ያረጀ የማረሻ ጫፍ አውጥተው፣ "እንኪ፣ ሳይመታ አስገቢው" አሏት። ማጭዱ መወሰዱን ከቤታችን ማንም አልነገራቸውም።

"ማን ነገረዎት?" አልኩ።

"አንቺ!" አለች እናቴ።

"ተያት፣ ትጠይቅ። ልጄ፣ ግድግዳው ጭቃ ነው። አባትሽ መናገር የጀመረበትን ቀንም አውቀዋለሁ፣ ዝም ያለበትንም።"

"መብራቱንስ?"

አፍጥጠው አዩኝ። "መብራት በግድግዳ አይታይም" ብለው ወጡ። እውነታቸውን ነው፤ መስኮታችን ወደ መንገድ ነው። ቢሆንም የእህታቸውን ልጅ አስቤ አላመንኳቸውም። እናቴ "የማንም ይሁን፣ ብረት ብረት ነው" ብላ ማረሻውን ከቅርጫቱ ግርጌ አስገባች። ሌሊቱን ሰማዩ ሲሰነጠቅ አደረ።

የጫጩት ድምፅ የሰማን ጠዋት ከሁላችን ቀድሞ ጓዳ የገባው አባቴ ነበር። ኮቱን ለብሷል። ዶሮዋን አነሳ። አጎንብሶ ቆየ። ከዚያ ፊቱን ወደ ግድግዳው መለሰና፣ በሹክሹክታ ሳይሆን፣ ገበያ ላይ እንደሚጣራ ሰው፣

"አንድ!" አለ። "ሁለት! እየሰሙ ነው?"

"እሰማለሁ፣ ቁጠር!" አሉ እትዬ ከወዲያ።

እናቴ ሳቋ አመለጣት። አባቴ ኮቱን አውልቆ መሬት ላይ ጣለና ለእትዬ የሚሰጣትን ጫጩት ይመርጥ ጀመር፤ "ይቺ ቄብ ትሆናለች፣ ይቺ ትሂድላቸው" እያለ፣ ድምፁን ሳይቀንስ። እኔ ጆሮዬን ግድግዳው ላይ ለጥፌ ነበር። ከእሳቸው ሌላ የሚተነፍስ ሰው ይኖር እንደሆነ እያዳመጥኩ።