ባለ ሦስት ሳንቃው በር

ሰው የእንጨት በር በጥፍሩ ሲያንኳኳ የሚሰማው ድምፅ ከቡጢው ድምፅ ይለያል፤ ቀጭንና ደረቅ ነው፣ ቶሎም ይጠፋል። ባለፈው ሳምንት የጎረቤቴ የልጅ ልጅ የእናቷን መልእክት ይዛ መጥታ እንዲያ አድርጋ አንኳኳች። መልእክቱን ተቀብዬ ከሸኘኋት በኋላ ግን ወደ ወንበሬ አልተመለስሁም። የበሩን እጀታ እንደ ያዝሁ ቆሜ ቀረሁ። ምክንያቱን ላስረዳዎ።

በወጣትነቴ ከታላቅ እህቴ ጋር ጎንደር ውስጥ አንዲት ክፍል ተከራይተን እንኖር ነበር። እኔ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት እማራለሁ፤ እሷ ቀን ልብስ ሰፊ ቤት ቁልፍ ስትተክል ትውልና ማታ ትማራለች። የመጣነው ከመካነ ብርሃን ነው። እህቴ ገና በልጅነቷ የተዳረችበትን ቤት ትታ ነበር የመጣችው፤ ባሏም ሽማግሌ መላኩን አላቆመም። አባታችን በመጨረሻ አንድ ፍርድ ሰጠ። የጤና ረዳቶች ማሠልጠኛ ከተቀበላት ከተማ ትቀራለች፤ ካልተቀበላት ግን ከመስቀል በፊት ወደ ባሏ ትመለሳለች። የጽሑፉን ፈተና አለፈች። የቀረው በእንግሊዝኛ የሚሰጠው የቃል ፈተና ነበር፤ ፈታኙም የውጭ አገር ሰው ነው። እህቴ ደግሞ እንግሊዝኛ ታነብ ነበር እንጂ አፏን ከፍታ ተናግራ አታውቅም።

የክፍላችን በር ከሦስት ሰፋፊ ሳንቃ የተሠራ፣ ሰማያዊ ቀለም የተቀባ ነበር። ዘዴውን ያገኘሁት እኔ ነኝ፤ ይህን ስናገር ዛሬም ደስ ይለኛል። ከትምህርት ቤት የጠመኔ ስብርባሪ ለቃቅሜ መጣሁና በግራው ሳንቃ ላይ ተውላጠ ስሞችን፣ በመካከለኛው ላይ ግሦችን፣ በቀኙ ላይ መስተዋድዶችን ከላይ እስከ ታች ጻፍሁ። እንደሚያውቁት በእኛ ቋንቋ ግሥ ሌላው ሁሉ ተናግሮ ከጨረሰ በኋላ መጨረሻ ላይ ይመጣል፤ «ከ» እና «በ»ም ከስሙ ጋር ተጣብቀው ይኖራሉ። በእንግሊዝኛ ግን እያንዳንዱ ለየብቻው ቆሞ ተራውን ይጠብቃል። እህቴን የሚያስፈራት ይኸው ተራ ነበር። ስለዚህ ጣቷን ከግራ ወደ ቀኝ እያራመደች ሳንቃዎቹን በጥፍሯ ትነካለች፤ ከዚያ የተፈለገውን ነገር በመዳፏ ትመታለች። «አይ፣ ሲት፣ ኦን» ትልና አልጋውን ጧ ታደርገዋለች። ነገሩ እኔ ከሆንሁ ደግሞ ትከሻዬን።

ሕግም አወጣን። በሩ ላይ ሄዶ በእንግሊዝኛ ያልጠየቀ ምንም አይሰጠውም። በእራት ሰዓት ጨው ቢያንሰኝ ተነሥቼ፣ ጣቴን ከመካከል ወደ ግራ፣ ከግራ ወደ ቀኝ፣ እንደገና ወደ ግራ አንከራትቼ «ጊቭ ኢት ቱ ሚ» ማለት ነበረብኝ። እህቴ የጨውን ጣሳ ከጀርባዋ ደብቃ ትጠብቃለች።

«ጣትህ የት ደረሰ? አላየሁም፣ ድገመው!»

«እታለም፣ ወጡ ቀዘቀዘ እኮ!»

«ይቀዝቅዝ። እኔ ከበላሁ ቆየሁ።»

አከራያችን ከግድግዳው ማዶ ብቻቸውን የሚኖሩ አሮጊት ነበሩ። በሩን መጀመሪያ ያዩ ዕለት ነጠላቸውን አፋቸው ላይ አድርገው ደነገጡ።

«ምነው ልጆቼ፣ በሬን ጠልሰም ጻፋችሁበት?»

«ጠልሰም አይደለም እማማ፤ እንግሊዝኛ ነው» አለች እህቴ።

«ይኸ ከላይ ያለው ምን ይላል?»

«ዩ ይላል፤ እርስዎ ማለት ነው። አንተም፣ አንቺም ማለት ነው።»

«ለእኔም ለድመቲቱም አንድ ቃል?»

«ለሁሉም አንድ ነው፣ እማማ።»

«ኤድያ! ምን ያለ ያልተቀጣ ቋንቋ ነው!» አሉ። ከደጅ ሆነው ደግሞ ድምፃቸውን ከፍ አድርገው፣ «ፈተናው ሲያልቅ በሬን ታጥቡልኛላችሁ!» ሲሉ ሰማናቸው።

የፈተናው ቀን ጠዋት ጭጋጉ ገና አልተነሣም፤ መንገዱ እርጥብ የባሕር ዛፍ ቅጠል ይሸት ነበር። አብሬያት ሄድሁ። ከመፈተኛው ክፍል ደጅ ስንደርስ ወደ እኔ ዞረች።

«ወንድምዓለም፣ ውስጥ እኮ በራችን የለም። ያለ እሱ ምን ልሆን ነው?»

ስሟ ተጠራ፤ ገባች፤ በሩም ተዘጋ። እኔ ጆሮዬን አስጠግቼ ቆምሁ። የፈታኙ ወፍራም ድምፅ አንድ ነገር ጠየቀ። ዝም አለች። እርሱም ቃላቱን እየለያየ ቀስ ብሎ ደገመው። አሁንም ዝም። ከዚያ ወንበር ሲገፋ፣ ቀጥሎም እርምጃዋ ወደ በሩ ሲቀርብ ሰማሁ። ተስፋ ቆርጣ ልትወጣ ነው አልሁ፤ መካነ ብርሃን ላይ የሚጠብቋት ሽማግሌዎች ዓይኔ ላይ ድቅን አሉ። በሩ እንዳይመታኝም ትንሽ ሸሸሁ።

በሩ አልተከፈተም። ከውስጥ በኩል፣ ከወደ ቀኜ፣ አንድ ጥፍር እንጨቱን ነካ። ቀጥሎ መካከሉን ነካ። ቀጥሎ ግራውን። እሷ ከግራ ወደ ቀኝ የምታራምደው ጣት ከውጭ ለቆመው ለእኔ ከቀኝ ወደ ግራ ነበር።

«አይ» አለች። «ሊቭ። ዊዝ።»

ከዚያ መዳፏ ከደረቴ ትክክል በሩን ጧ አደረገው። «ማይ ብራዘር።»

ውስጥ ሰውዬው ሳቀ፤ የፌዝ ሳቅ ግን አልነበረም። ሌላ ጥያቄ አመጣ። ጥፍሯም ሄደ፣ ተመለሰ፣ ሄደ። ከአራተኛው ወይም ከአምስተኛው ጥያቄ በኋላ የጥፍሩ ድምፅ ቆመና ድምፅዋ ብቻውን ቀጠለ። እኔም ጆሮዬን ከበሩ አነሣሁ፤ ከዚያ በኋላ በሩም እኔም አላስፈለግናትም።

ስትወጣ ፊቷ ላብ በላብ ሆኗል።

«መዳፌ አገኘህ?» አለችኝ።

«አገኘኝ» አልኋት።

ማሠልጠኛው ተቀበላት። አባታችንም ቃሉን ጠበቀ፤ ሽማግሌዎቹን ራሱ አሰናበታቸው። እህቴ በጤና ረዳትነት በሳንጃ ከተማም በእንፍራንዝም ሠርታ፣ ከእኔ ቀድማ ጡረታ ወጣች። አሁን በሕይወት የለችም።

የማስታውሰው ግን ወደ ማሠልጠኛው ማደሪያ የገባችበትን ቀን ምሽት ነው። የቆርቆሮ ሳጥኗን አስረክቤያት ተመለስሁና የምስር ወጥ ሠራሁ። ብቻዬን ቀርቤ ስበላ ጨው አንሶታል። ጣሳው ከፊቴ ነበር። እኔ ግን እንደ ልማዴ ተነሣሁ፤ ጣቴን በሳንቃዎቹ ላይ አራምጄ «ጊቭ ኢት ቱ ሚ» ካልሁ በኋላ ነው የሚሰጠኝ ሰው አለመኖሩን ልብ ያልሁት።

ወዲያው በሩ ተገፋ። አከራያችን መዳፋቸውን እንደ ጽዋ ይዘው ቆመዋል፤ ውስጡ ጨው አለበት።

«እንኩ» አሉኝ። እንደ ሌላ ጊዜው አንተ አላሉኝም፤ ብቻውን ቤት እንደ ያዘ ሰው አንቱ አሉኝ።

«በምን አወቁ፣ እማማ?»

«ክረምቱን ሙሉ በግድግዳ ማዶ ስትጣሉበት ሰምቼ የለ? እንዲያ የተባለ እንደሆን ጨው ጎድሏል ማለት ነው። እሷ ብትሄድ አልጫ ሊበሉ ኖሯል?»

በሁለት እጄ ተቀበልኋቸው። «በሩን ነገ አጥባለሁ» አልሁ።

«ይቆይ። ማን ቸኮለ?»

ሲወጡ ነጠላቸው የግራውን ሳንቃ ታከከው። ከትከሻቸው ትክክል የነበሩት ተውላጠ ስሞች ደበዘዙ። ነጭ ጠመኔ በነጭ ነጠላ ላይ አይታይምና፣ ተሸክመዋቸው ሲሄዱ አላወቁም። እኔም አልነገርኋቸውም። ጨዉን ወጡ ላይ ነሰነስሁና እራቴን ቀጠልሁ።