የቤታችን ቋንቋ

የልጄ ትምህርት ቤት ጠዋት በፈረንሳይኛ፣ ከሰዓት በእንግሊዝኛ ያስተምራል። ስናስመዘግባት በሰጡን ቅጽ ላይ «ቤት ውስጥ የምትናገሩት ቋንቋ» የሚል ጥያቄ ነበር። እኔም ዓይኔን በጨው አጥቤ «እንግሊዝኛ» ብዬ ጻፍኩ።

ባለቤቴ አጠገቤ ተቀምጦ ያያል። «ኧረ ተይ፣ አንቺ ሴት!» አለኝ።

«ዝም በል፤ በሁለቱ ላይ ሦስተኛ ጨምረን ልጅቷን ልናደናግራት ነው?»

ናይሮቢ ያለን ሐበሻ ወላጆች ስንገናኝ እርስ በርስ የምንመካከረው ይህንኑ ነበር። አማርኛው የትም አይሄድም፣ ልጆቹ መጀመሪያ የትምህርት ቤቱን ይያዙ እንባባላለን።

የጻፍኩት ውሸት እንዳይሆንብኝ ከዚያ ቀን ጀምሮ ቤታችንን እንግሊዝኛ አደረግሁት። እኔና ባለቤቴ ጓዳ ገብተን በአማርኛ እንንሾካሾካለን፤ ልጅቷ ብቅ ስትል «ሃው ወዝ ስኩል?» እንላለን። እሷም «ፋይን» ትልና ትሄዳለች። አሁን ሳስበው ያስቀኛል፣ ያኔ ግን የምሬን ነበር።

አንድ ነገር ብቻ አልቻልኩም። ቁጣዬ ቅርብ ነው፤ መቆጣት ደግሞ በእንግሊዝኛ አይሆንልኝም። ጭማቂ ስትደፋ፣ የትምህርት ቤቱ ባስ በር ላይ ክላክስ እያደረገ ጫማዋን ስትፈልግ፣ «አንቺ ልጅ፣ ዛሬ አንላቀቅም!» ይላል አፌ። ከዚያ እናቴ እኔን እንደምታደርገኝ ፊቴ አቆማትና «ሁለተኛ አይለምደኝም በይ!» እላታለሁ። ትላለች። ነገሩ በዚያው ያልቃል።

ዓመት ሳይሞላ ትምህርት ቤቱ ሁለታችንንም ጠራን። የእንግሊዝኛ መምህርቷ ረጋ ያለች ኬንያዊት ናት። ልጃችሁ ትሰማለች፣ ትጽፋለች፣ ግን በሁለቱም ቋንቋ አትናገርም አለችን። እስከ ተርሙ መጨረሻ አፏን ካልፈታች ከሁለት ቋንቋው ክፍል ትወጣለች።

«ቤት ውስጥ በራሳችሁ ቋንቋ ታጫውቷታላችሁ?» አለች መምህርቷ።

ደሜ ፈላ። «ከሥራ አስፈቅጄ የመጣሁት ስለ ልጄ ትምህርት ለመስማት ነው። በቤቴ ምን አገባሽ?» አልኳት በእንግሊዝኛ። ለካ ሲያስፈልግ በእንግሊዝኛም እቆጣለሁ! ባለቤቴ በሀፍረት መሬት መሬት ያያል።

መምህርቷ ወደ ግድግዳው አሳየችኝ። ልጆቹ እያንዳንዳቸው በቤታቸው የሚባለውን ሰላምታ በቀለም ጽፈው ለጥፈዋል። የአረብኛ አለ፣ የስዋሂሊ አለ፣ የሂንዲ አለ። ከልጄ ስም በላይ «ሄሎ» ይላል።

«እናንተ ቅጹ ላይ የጻፋችሁትን ነው የሰጠናት» አለች።

ልጄ ያን ክፍል እንዳልለቀቀች፣ እንዲያውም ዛሬ የምትከሰሰው ወሬ አበዛች ተብላ እንደሆነ አስቀድሜ ልንገራችሁ። እኔን ዛሬም የሚያሳርረኝ ከዚያ ስብሰባ ስንመለስ የሆነው ነው።

ባለቤቴ ይነዳል፣ ልጅቷ ከኋላ ተቀምጣለች፤ ወደ ፓርክላንድስ ሰፈር ስንታጠፍ የመኪና ጃም ያዘን። መምህርቷ ያለችው ከአእምሮዬ አልወጣ ብሎኛል። እስቲ ልሞክረው ብዬ ዞርኩና ድምፄን አለስልሼ፣ «የኔ ቆንጆ፣ ዛሬ ምን ስትሠሩ ዋላችሁ?» አልኳት በአማርኛ።

ልጄ ደነገጠች። እግሮቿን ሰብሰብ አድርጋ ቀና ብላ ተቀመጠች። ዓይኗ እንባ አቀረረ።

«ሁለተኛ አይለምደኝም» አለችኝ።

ክው አልኩ። በአማርኛ አፏ ላይ የቀረው ሙሉ ዐረፍተ ነገር እሱ ብቻ ነበር፤ ያስተማርኳትም እኔው። ባለቤቴ መሪውን እንደያዘ አንገቱን ደፋ። መኪኖቹ እንደሆነ አይነቃነቁም፤ በሩን ከፍቼ ወረድኩና ከኋላ አጠገቧ ገባሁ። አንጀቴን በልታዋለች። ጭንቅላቷን ደረቴ ላይ አስጠግቼ፣ «አንቺ ምንም አላጠፋሽም፣ እናቴ። እኔ ነኝ ያጠፋሁት። ሁለተኛ አይለምደኝም» አልኳት።

ምን ያህሉ እንደገባት አላውቅም። ቀና ብላ ፊቴን መረመረችው፤ ቁጣ ፈልጋ አጣችበት መሰለኝ።

«ማሚ፣» አለችኝ በእንግሊዝኛ፣ ቀስ ብላ፣ «የማትቆጪበትም አማርኛ አለ?»