ወይኒቱ የያዘቻት ፋኖስ

መጻፍ የማይገባኝ ሰው ነኝ፤ ይቅር በሉኝ። ፊደል የቆጠርኩት ሦስት ልጅ ከወለድኩ በኋላ ነው፤ ጽሕፈቴም እስከ ዛሬ ድረስ አልተስተካከለም። ስለ አያ ታረቀኝ ሌላ ሰው ይጽፋል ብዬ ብጠብቅ ብጠብቅ ማንም አልመጣም።

አያ ታረቀኝ ሐይቅ ከተማ ጎረቤታችን ነበር። በልጅነቱ ገዳም ገብቶ ሥዕል ተምሯል። በኋላ ግን ከሐይቁ ዳር ጭቃ እያመጣ አውራ ጣት የምታህል ሰው ይሠራ ጀመር። ያደርቃታል፣ ይተኩሳታል፣ ከፍየል ጠጉር ባበጃት ብሩሽ ይቀባታል።

አንዲት ልጅ ነበረችው፣ ወይኒቱ። በመሠረተ ትምህርት ዘመቻ ጊዜ እኛን ትልልቆቹን ያስተማረችን እሷ ናት። ቀን ሥራ ስላለብን ሲመሽ ነው የምንሰበሰብ። ፋኖሳችን አንዲት ብቻ ስለሆነች ወይኒቱ ደረቷ ላይ አስጠግታ ይዛልን ትቆማለች። እኔ አጻጻፌ እንዳይታይ ከኋላ ጨለማው ውስጥ እቀመጣለሁ።

«አሚናት፣ ቀረብ በይ እንጂ፤ ፋኖሷ አትናከስም!» ትለኛለች።

አንድም ቀን አልቀረብኩም። በ1974 ክረምት ወይኒቱን ወባ ወሰዳት። ፎቶ እንኳ አልነበራትም።

ሁለት ዓመት ቆይቶ ቀበሌው ለመሠረተ ትምህርቱ በዓል የሚታይ ነገር ሥራ አለው፤ አያ ታረቀኝም ያንን ክፍላችንን ሠራው። ጣውላ ላይ አሥራ አንዳችንን አስቀመጠ፤ መሐል ላይ ወይኒቱ ፋኖሷን ይዛ። ሲቀባ በር ላይ ቆሜ አይቻለሁ። መስኮቱን ዘግቶ እውነተኛ ፋኖስ ያበራና ብርሃኑ ምስሏ ላይ የት እንደሚያርፍ ያያል። ነበልባሏን ነጭ ያደርጋል፤ ለፋኖሷ ቅርብ ያለውን ፊት ቢጫ ይቀባል፣ ራቅ ያለውን ብርቱካን። ፋኖሷን ያላየው ጎን እንደጠቆረ ይቀራል። የወይኒቱን አገጭና የዓይኗን ሥር ሲነካ ትንፋሹን ይይዛል።

«ከኋላ ያለችው እኔ ነኝ? ትንሽ ብርሃን ብታደርግልኝስ፣ አያ?» አልኩት።

«ያልደረሰሽን ብርሃን አልቀባም፣ አሚናት።»

እውነቱን ነው፤ አልተቀየምኩም።

የበዓሉ ዕለት ጣውላው በአዳራሹ በር አልገባ አለ። ዘበኛው ምስሎቹን አንስቶ ጠረጴዛ ላይ ፊታቸውን ወደ ሰው አዙሮ እንደ ሰልፈኛ ደረደራቸው። የተቀባው ብርሃን ተበታተነ። የአንዱ ጆሮ በራ፣ የሌላው ማጅራት። ወይኒቱ ዳር ቆማ አገጯ ላይ ወጥ የፈሰሰባት ትመስላለች።

«ፊታቸውን ሳይታጠቡ ነው እንዴ የመጡት!» አለ አንዱ። ሰው ሁሉ ሳቀ።

ሊቀመንበሩ ጓድ ሙዘይን አልሳቀም። «አያ ታረቀኝ፣ ግማሹን ሕዝብ ጥላሸት ቀብተህ ልታዋርደን ነው? የአውራጃ እንግዶች ሳይደርሱ ሁሉንም አንድ ዓይነት ቀባቸው። ያችንም ፋኖስ የያዘችውን።»

አያ ታረቀኝ ብሩሿን ከኪሱ አወጣና እጁ ላይ ቀረች። ያ ፊት ከተቀባ ሌላ የወይኒቱ ፊት የትም የለም።

እኔ ሰው ፊት ቆሜ አላውቅም። እግሬ እንዴት እንደወሰደኝ እንጃ።

«ጓድ ሊቀመንበር፣ ቦታቸው... ቦታቸው አይደለም።»

«አንቺ ደግሞ ምን ታውቂያለሽ?»

«እዚያ ክፍል ተቀምጬ ነበር እኮ።»

አንድ በአንድ አነሳኋቸው። ወይኒቱን መሐል፣ እናትነሽን በቀኟ፣ ሽማግሌውን ኑርዬን ከፊቷ፣ ሌሎቹንም እንደነበሩ። እኔን መጨረሻ፣ ከኋላ። ያኔ ብርሃኑ ሁሉ ከአንዲት ፋኖስ የመጣ ሆነ። የሳቀው ሰው ለማየት ተጠጋ። ጓድ ሙዘይን ጎንበስ ብሎ ብዙ አየ።

«ወይኒቱ ናታ» አለ ቀስ ብሎ። «በቃ፣ እንዳትነኳት።»

አያ ታረቀኝ ፊቱን በጋቢው ሸፈነ።

በማግስቱ ጠዋት ጣውላውን ተሸክሞ ደጃችን መጣ። ሰላም እንኳ ሳይለኝ ተቀመጠ። ከኋላ ያለችውን እኔን አነሳና ከወይኒቱ አጠገብ፣ ከፋኖሷ ሥር አስቀመጠኝ። ከዚያ ብሩሿን ቢጫ ቀለም ውስጥ ነክሮ ግንባሬ ላይ ክር የምታህል መስመር አሰመረ። እስክትደርቅም እፍ አላት።