ቆሎና ፈንጂ በአንድ ኪስ

ይህ ሊጻፍ የሚገባው ነገር መሆን አለመሆኑን አላውቅም፤ ግን ዝም ማለት አቃተኝ። አያቴ ከየካ በላይ ባለ የድንጋይ ካባ በፈንጂ ድንጋይ ያፈርሱ ነበር። እንደ ሊጥ የሚለሰልሰውን ፈንጂ ትርፍራፊ ቆሎ በያዙበት የኮት ኪስ ይከቱት ነበር።

«ኧረ አባባ፣ እጅዎን ይታጠቡ!» ስላቸው፣

«ድንጋይ የሚያፈርስ እጅ ቆሻሻ ይፈራል?» ብለው እየሳቁ ለእኔም ይዘግኑልኝ ነበር።

ሥራ ላይ ሳሉ ድንገት እየወደቁ መንቀጥቀጥ ጀመሩ። እንጦጦ ጠበል ወሰድናቸው። «ምን በድዬ ይሆን?» እያሉ ያለቅሱ ነበር።

ባለፈው ሳምንት መምህራችን አንጎል ውስጥ ሴሎችን እንደ ፍሬን የሚያረጋጋ መልእክት እንዳለ ነገረን። እንደ ሊጥ በሚለሰልሱ ፈንጂዎች ውስጥ ያለው አርዲኤክስ የሚባል ንጥረ ነገር ሰውነት ውስጥ ሲገባ የዚያን መልእክት መቀበያ ይዘጋል፤ ሰውየውም ይንቀጠቀጣል። የአባባ የቆሎ ኪስ ትዝ አለኝ። አያቴን የመረመረ ሐኪም ስላልነበረ እርግጠኛ ነኝ ማለት አልችልም። ግን ቤት እንደደረስኩ «አባባ፣ ምንም አልበደሉም» ልላቸው ክፍላቸው ገባሁ። ኮታቸው ይሰቀልበት የነበረው ሚስማር ባዶውን ነው። ለካ ረስቼው ነው፤ ሕመሙ የለቀቃቸው ሲሞቱ ነበር፤ ዘንድሮ፣ በጥምቀት ማግስት።