ዋልያ ለማየት ከአባቴ ጋር

ጥር ወር፣ ማክሰኞ፣ ከጠዋቱ 12 ሰዓት ተኩል። አባቴ፣ ሹፌሩና እኔ ዋልያ ለማየት ከወረታ ወደ ሰሜን ተራሮች ተነሣን።

ጉዞውን የጠየቁት አባቴ ናቸው። ቄስ ናቸው፤ ፎገራ ሜዳ ላይ አርባ ዓመት ቀድሰዋል፣ ከጎንደር ወዲያ ግን አልፈው አያውቁም። የዓይን ሐኪም የዓይናቸው ግፊት መጨመሩንና የጠፋው ብርሃን እንደማይመለስ ከነገራቸው በኋላ፣ «ሳይመሽብኝ ዋልያ ልይ» አሉኝ። ጎንና ጎኑ ቢጨልምባቸውም ፊት ለፊታቸውን ደህና እንደሚያዩ ነገሩኝ። አመንኳቸው፤ ጋዜጠኛ ሆኜ ሳለ አላጣራሁም።

የታጨደው የሩዝ ማሳ ከኋላችን ቀረ፤ ይፋግን አልፈን ዳገቱን ያዝን። አባቴ ቤተ ክርስቲያን ሳይሳለሙ አያልፉም። ደብር በታየ ቁጥር መኪናው ይቆማል፤ ወርደው ኩታቸውን ያጣፉና ይሰግዳሉ። ጎንደር እስክንደርስ ዘጠኝ ጊዜ ቆምን።

«አባ፣ በዚህ አያያዛችን ዋልያዎቹ ጡረታ ከወጡ በኋላ ነው የምንደርሰው» አለ ሹፌሩ፤ የሰፈራችን ሰው ነው።

«መኪናህ እንኳ በየጉድጓዱ ይሰግዳል» አሉ አባቴ። «ያንተ አንገት ነው የማይታጠፍ።»

ከአምባ ጊዮርጊስ ወዲያ መንገዱ የተራራውን አፋፍ ይዞ ይሄዳል። በአንድ በኩል ገደል ነው፤ ከገደሉ ማዶ ተራራ በተራራ ላይ ይታያል። ሹፌሩ ፍጥነቱን ቀነሰ። አባቴ ስለ ገደሉ ምንም አላሉም። ጥቂት እንደሄድን «አቁም» አሉ።

ወርደው ሦስት ጊዜ ሰገዱ። ፊት ለፊታቸው ባሕር ዛፍ የከበበው የቆርቆሮ ጣሪያ ነበር፤ የእህል መጋዘን። በሩ ላይ ጆንያ የተጫኑ አህዮች ቆመዋል። ከእኛ እስከ በሩ ሃምሳ እርምጃ አይሞላም። ሹፌሩ ወደ እኔ ዞረ፤ አልሳቀም።

«የማን ታቦት ነው?» አሉ አባቴ።

«አላውቅም» አልኩ። ዋሸኋቸው።

ከዚያ በኋላ እስከ ደባርቅ አንድም ጊዜ አቁም አላሉም።

ከደባርቅ የፓርኩን ጠባቂ ይዘን ገባን። ወደ አሥር ሰዓት ግድም ጠባቂው አንድ ገደል አፋፍ ላይ አስወረደንና ድምፁን ዝቅ አድርጎ ማዶ ጠቆመን። ዋልያዎች ነበሩ። አባቴ ክንዴን ያዙኝ።

«ቅድም የሰገድኩለት ቤተ ክርስቲያን አልነበረም፣ አይደል?»

«የእህል መጋዘን ነበር፣ አባ።»

«ሹፌሩ መቀለዱን ሲተው ጊዜ ገብቶኛል። ግድ የለም፣ እህሉም የእግዚአብሔር ነው።» ፊታቸውን ወደ ማዶ መለሱ። «እነዚህን እንደ ሥራህ አድርገህ ንገረኝ። ከራስህ አትጨምር።»

ነገርኳቸው። ሰባት ናቸው፦ ሁለት ወንድ፣ አራት ሴት፣ አንድ ግልገል። የትልቁ ወንድ ቀንድ ወደ ኋላ ተቆልምሞ ጀርባውን ሊነካ ደርሷል፤ የግራው ጫፍ ተሰብሯል። ጢም አለው። ግልገሉ እናቱ አጠገብ ተኝቷል።

«አሁንስ?» አሉኝ።

10 ሰዓት ከ20 ላይ ትልቁ ወንድ ተነሥቶ ወደ ገደሉ ወረደ፤ ስድስቱ ተከተሉት፤ ይህንንም ነገርኳቸው።